«በ10 እጥፍ ይጨምራል» ሲባል ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። ስለ ኮምጣጣ አፈርና ስለ ኖራ የተጻፈ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። የኮምጣጣነት መለኪያ የሆነውን ፒኤች አንስቶ «የአፈሩ ፒኤች ከ6 ወደ 5 ሲወርድ ኮምጣጣነቱ በ10 እጥፍ ይጨምራል» ይላል። እንዲሁ ይለፍ ወይስ «10 እጥፍ ይሆናል» ልበል? ልዩነት አለው?

ቅኔ ወዳድ፦ እጥፍ ብቻውን ሁለት ነው። ነጠላ ሲታጠፍ ሁለት፣ ደግመህ ስታጥፈው አራት። 10 ጊዜ ካጠፍከው 1,024 ይደርሳል። ጸሐፊው አፈሩን ጨርሶታል።

ደብተራው፦ ኧረ በእመቤቴ! ኤልሳዕ የለመነው «ሁለት እጥፍ» መንፈስ በአንተ ስሌት አራት ሊሆን ነው? ግዕዙ «ምክዕቢት» ይላል። ካዕብ ሁለተኛ መሆኑን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። «ምእተ ምክዕቢተ» ሲል ግን መቶ ነው፤ ሁለት መቶ ያለ ሊቅ አላየሁም።

ኬሚስትሪ አስተማሪዋ፦ ወንድሞቼ፣ ቁጥሩን እንየው እንጂ። ፒኤችን ዴንማርካዊው ሶረንሰን በ1909 እ.ኤ.አ. ነው ያመጣው። በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሞል የሃይድሮጅን አዮን እንዳለ ትወስዳላችሁ፤ ሎጋሪዝሙን፣ ማለትም 10 በስንት ኃይል ከፍ ሲል ያን ቁጥር እንደሚሰጥ፣ ታወጣላችሁ፤ ምልክቱን ትገለብጣላችሁ። ፒኤች 6 ማለት 0.000001 ሞል ነው። 5 ሲሆን 0.00001። 10 ጊዜ ሆነ። የተጨመረው ግን 0.000009 ነው፤ ማለትም የመጀመሪያው 9 እጥፍ።

ቅኔ ወዳድ፦ እንግዲያው «በ9 እጥፍ ይጨምራል» ነው የሚባለው? እኔ ደግሞ «በ10 እጥፍ ጨመረ» ካሉኝ 11 ነው የምረዳው።

ኬሚስትሪ አስተማሪዋ፦ ደሞዝህ «በእጥፍ ጨመረ» ሲሉህ ሦስት ጊዜ ይመጣልኛል ብለህ ትጠብቃለህ? ይልቅ የአንተ «እጥፍ» እዚህም አለች። የ2 ሎጋሪዝም 0.301 ገደማ ነው። ስለዚህ ፒኤች በ0.3 ሲወርድ አሲዱ እጥፍ ይሆናል። 5.5 እና 5.2 ጎረቤት ይመስላሉ፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን እጥፍ ይኮመጥጣል። ጽሑፉ ውስጥ ይቺን ጨምሩልኝ።

ፌዘኛው፦ ሎጋሪዝም ከ«ሎጋ» ነው የመጣው። ረጅሙን ቁጥር ሲያሳጥረው ጊዜ ስሙ ለመታሰቢያ ቀረ።

ቅኔ ወዳድ፦ ቀልዱን ተወውና፣ ከ«አልጎሪዝም» ፊደል ተገለባብጦ የወጣ ነው፤ ከሒሳብ ሊቁ ከአል ኽዋሪዝሚ።

ደብተራው፦ አይደለም! አልጎሪዝም ነው የእሱ። ይሄኛውን ስኮትላንዳዊው ኔፒር ከግሪክ ነው ያበጀው፤ መጽሐፉም በ1614 እ.ኤ.አ. ወጣ። «ሎጎስ» እና «አሪትሞስ»። ሎጎስን ደግሞ «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ» ያልን ሰዎች ልንጠየቅበት አይገባም። እዚህ ላይ ግን «ምጥነት» የሚለው ፍቺ ይሻለዋል፤ አሪትሞስ ቁጥር ነው።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ ዛሬ ማታ ጽሑፉን መላክ አለብኝ። «በ»ን ምን ላድርጋት?

ደብተራው፦ ተዋት። እኔን ያሳሰበኝ «ኮምጣጣ» ነው። «ወአስተዩኒ ብሒአ ለጽምእየ» እያልን ዳዊት ደግመን፣ ኮምጣጤ ማለት የሆነውን «ብሒእ»ን የሚያህል ቃል ጥለን! «ቦካ» ራሱ ከዚያው የወጣ ይመስለኛል።

ፌዘኛው፦ የቦካ አፈር! ገበሬው እንጀራ ሊጋግርበት ነው።

ጠያቂ፦ ይቅርታ የኔታ፣ «ተዋት» ሲሉኝ ትውጣ ነው ወይስ ባለችበት ትቆይ?

ቅኔ ወዳድ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ተወ» በግዕዝ «ኀደገ» ነው፤ «ኅድግ ለነ» ስንል ግን ይቅር በለን ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ፍቺም አለ።