24,000 ቢቲዩ ኤሲ ስንት አምፔር ይስባል?

ካዛንቺስ_4ኛ_ፎቅ፦
ለቢሯችን ሰርቨር ክፍል 24,000 ቢቲዩ ስፕሊት ኤሲ ሊገጠም ነው። ለ3,412 (1 ኪሎዋት በሰዓት የሚሰጠው የቢቲዩ፣ ማለትም የሙቀት መለኪያ፣ መጠን) ሳካፍለው 7 ኪሎዋት መጣ፤ በ220 ቮልት 32 አምፔር መሆኑ ነው። ገጣሚው ግን «20 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል» አለኝ። የቱ ነው ልክ? መስመሩ ሲንግል ፌዝ ነው።

ፌዝና_ኒውትራል፦
ገጣሚው። አንተ ያሰላኸው ከክፍሉ የሚወጣውን ሙቀት ነው፤ 24,000 ቢቲዩ በሰዓት 7.03 ኪሎዋት ሙቀት ነው። ኤሲ ያንን ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ያሻግራል እንጂ ያን ያህል ኤሌክትሪክ አይበላም፤ የሚበላው ሲሶ ያህሉን ነው። ኤሲው ላይ የተለጠፈው ፕሌት ላይ ኢኢአር (በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ በሰዓት ስንት ቢቲዩ እንደሚያወጣ) ፈልግ። 10.5 ከሆነ 24,000 ÷ 10.5 = 2,286 ዋት። በ220 ቮልትና በ0.95 ፓወር ፋክተር (ዋት ለቮልት ሲባዛ አምፔር ያለው ድርሻ) 11 አምፔር ገደማ። ሲኦፒ (በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ ስንት ዋት ሙቀት እንደሚያወጣ) ከሆነ የተጻፈው ግን 7,030ውን ነው የምታካፍለው፤ 24,000ውን ካካፈልክ መልሱ ከ3 እጥፍ በላይ ይንራል። የአንተ ስሌት በቀጥታ የሚሠራው ለሻወር ማሞቂያና ለምጣድ ነው፤ እዚያ አንድ ዋት ኤሌክትሪክ አንድ ዋት ሙቀት ነው።

ኮምፕሬሰር፦
በዚህ ላይ የቮልቴጁን ነገር ጨምር። ማሞቂያ ቮልቴጁ ሲደክም የሚስበው አምፔር ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰር ግን ሥራው ስለማይቀንስለት ይጨምራል። 190 ቮልት ላይ ያው 2,286 ዋት 12.7 አምፔር ይሆናል። ኢንቨርተር (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክል) ካልሆነ ሲነሳ የሚስበው ደግሞ የዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ቢ ዓይነት ብሬከር ያለ ጥፋቱ ሊጥል ይችላል። የመነሻ ግፊትን የበለጠ የሚታገሠው ሲ ዓይነት 20፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ ለብቻው መስመር። ባለ 2.5 ገመድ ላይ 32 ብሬከር የሚያስር ካለ አታስገባው፤ ጭነት ሲበዛ ብሬከሩ ሳይጥል ገመዱ ሊቃጠል ይችላል።

ፌዝና_ኒውትራል፦
ልክ። ሻጭ በፈረስ ጉልበት ከነገረህም በ746 ዋት አታባዛ። በኤሲ ገበያ «1 ፈረስ» 9,000 ቢቲዩ፣ «1.5» ደግሞ 12,000 ማለት ነው፤ የሞተር ጉልበት አይደለም።

ራክ_ዩ፦
እኔ የምጠይቀው 24,000 ያስፈልጋል ወይ ነው። ሰርቨር የሚበላው ዋት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚይዘው) ላይ ያለውን ሎድ በዋት (በቪኤ፣ ማለትም በቮልት ሲባዛ አምፔር፣ ሳይሆን) አንብብና በ3.412 አባዛ። 3,000 ዋት ቢሆን 10,236 ቢቲዩ በሰዓት። ውስጡ ለሚቀመጥ ሰው 100 ዋት ያህል፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ካለም ጨምርለት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል። አቅሙ በሩብ ይወርዳል ማለት ግን አይደለም፤ የአምራቹን የከፍታ ሰንጠረዥ ጠይቅ።

ካዛንቺስ_4ኛ_ፎቅ፦
ፕሌቱን አየሁት፦ 2,250 ዋት፣ 10.5 አምፔር፣ ከፍተኛው 14.5። የዩፒኤሱ ሎድ 2,400 ዋት።

ኮምፕሬሰር፦
ገመድና ብሬከር የሚመረጠው በ14.5ቱ ነው፤ 20ው ይሁን። ሎድህ 8,189 ቢቲዩ ብቻ ስለሆነ ግን ኢንቨርተር ያልሆነ 24,000 ቶሎ ቶሎ እየጠፋ እየበራ ኮምፕሬሰሩን ይጨርሰዋል። ሁለት 12,000 ግጠም፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዝልሃል።