ጠማማው ፐብ ጠማማ ሆኖ ይሠራ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር በእንግሊዝ፣ ስታፎርድሽር፣ ሂምሊ መንደር አጠገብ ስለነበረው «ክሩክድ ሃውስ» (ጠማማው ቤት) ነው። በ1765 እ.ኤ.አ. የእርሻ ቤት ሆኖ ተሠራ፤ ኋላ ፐብ፣ ማለት መጠጥ ቤት፣ ሆነ። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ሲቆፈር መሬቱ ሰመጠ፤ አንዱ ጎኑ ከሌላው 1.2 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በኦገስት 2023 ተቃጠለ፤ ወዲያው በቀናት ውስጥ ያለ ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። በ2024 የአካባቢው ምክር ቤት «እንደነበረ መልሳችሁ ሥሩ» ብሎ ባለቤቶቹን አዘዘ። እነሱም ይግባኝ አሉ። ትእዛዙ ልክ ነው?

መሐንዲሱ፦ አይመስለኝም። ቤቱን ያጣመመው መሬቱ ነው። በሩም መስኮቱም ከግድግዳው ጋር ዘመመ እንጂ ማንም ለክቶ አላጋደለውም። ዛሬ ሆን ብሎ አዝምሞ መገንባት የቴአትር መድረክ መሥራት ነው።

የበርሚንግሃም ነዋሪዋ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ዘለልክ። በ1940ዎቹ ቤቱ አደገኛ ነው ተብሎ ሊፈርስ ነበር። አንድ የቢራ ጠማቂ ኩባንያ ገዝቶ በደጋፊ ግንብና በብረት አጠናከረው። ቀና አላደረገውም፤ እንደዘመመ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ጠማማ ሆኖ የኖረው በሰው ውሳኔ ነው! ውስጡ ስትገባ መስመሩ ሁሉ ስለሚዘምም ዓይንህ ቀጥ ያለው የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥካት ብይ ሽቅብ የምትንከባለል ትመስላለች። ይህ እኮ በልኬት የሚመለስ ነገር ነው።

ሕግ ያጠናው፦ እኔ የማየው ቀጣዩን አፍራሽ ነው። ለንደን ውስጥ ካርልተን ታቨርን የሚባለው ፐብ በ2015 ያለ ፈቃድ ፈረሰ። የአካባቢው የዌስትሚንስተር ምክር ቤት እንደነበረ እንዲሠራ አዘዘ፤ ተሠርቶ በ2021 ተከፈተ። አፍርሶ መቅረት የሚያዋጣ ከሆነ ማን ፈቃድ ይጠይቃል?

መሐንዲሱ፦ ካርልተን እኮ ከመፍረሱ በፊት ዝርዝሩ ተመዝግቦ፣ የሸክላ ንጣፉ ቅርጽ በጄሶ ተወስዶ ነበር። ክሩክድ ሃውስ ግን በቅርስነት እንኳ አልተመዘገበም።

ሕግ ያጠናው፦ ካርልተንም ገና በቅርስነት አልተመዘገበም ነበር፤ ጉዳዩ እየታየ ሳለ ነው ያፈረሱት።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ይሠራ ከተባለ ግን አሮጌው ጡብ ይግባበት፤ እንደገና የተሠራበትም ዓመት በር ላይ ይጻፍ። የሚመጣ ሰው የ1765ቱ ነው ብሎ እንዳይሄድ።

የበርሚንግሃም ነዋሪዋ፦ ዓመቱ ይጻፍ፣ ደስ ይለኛል። ቦታውን ግን ፈቀቅ እናድርገው እንዳትሉ።