ተመራማሪዎች ሊመጡብን ነው፣ ስምምነቱ ላይ ምን እናስገባ?

ሰላም ወገኖች እባካችሁ እርዱኝ። የመንዝ ጓሳ ልጅ ነኝ፣ ለሚመጡ ተመራማሪዎች አስተረጉማለሁ። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ (የጋራ የሳር መሬት መጠበቂያ ባህላዊ) ሥርዓት ሳሩን እየከለሉ ስለጠበቁት ነው እኮ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ዛሬ ድረስ ያለው። ባለፈው የመጡት ግን ሽማግሌዎቹን ስንት ቀን ጠይቀው ዳታውን ይዘው ሄዱ፣ ሪፖርት እንልካለን ብለው እስካሁን የለም፣ አባቶች ደግሞ የሚጠይቁት እኔን ነው፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

አሁን ሌላ ቲም በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ ሽማግሌዎቹም "በቃል አይሆንም፣ ወረቀት ጻፍልን" አሉኝ። ውጤቱ በአማርኛ ተመልሶ እንዲነገረን፣ ልጆቻችንም ጂፒኤስ ከመያዝ አልፈው ትንተናው ላይ እንዲገቡ ጽፌያለሁ፣ ሌላስ? ስለ ባህል መድኃኒት ከጠየቁስ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን እንዴት ልጥቀሰው? ናሙና ስምምነት ያላችሁ በናታችሁ ላኩልኝ።