ከደጃችሁ ቆማችሁ ስታዩ ምን ይታያችኋል?

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

በአገር ቤት ላላችሁም ሆነ በሰው አገር ለምትኖሩ የወሎ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ወደ ጥያቄው ከመግባቴ በፊት ግን ምክንያቱን ላስረዳ።

የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሲሆን የቤታችን በርና መስኮት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ይመለከታል። እናቴ የእጅ ሰዓት አስራ አታውቅም፤ የግድግዳው ሰዓትም ባትሪው ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ የሚያስታውሰውም የለም። የእናቴ ሰዓት ጦሳ ነው። ጠዋት ፀሐይ ገና ከአዝዋ ገደል ጀርባ ሳለች፣ ለእኛ ሳትታየን፣ ብርሃኗ ቀድሞ የጦሳን አናት ይይዝና ከላይ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ባሕር ዛፉን ጨርሶ በግርጌው ቤቶች ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ እናቴ የወንድሜን ልጆች ለትምህርት ትቀሰቅሳለች፤ አጥራችንን ተሻግሮ የማድ ቤቱ ደፍ ላይ ሲደርስ ቡና ይቆላል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ትገባና የተራራው ጥላ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየሸፈነ ይሄዳል፤ እኛ ግቢ ጨለምለም ብሎ ብርዱ ሲጀምር አዝዋ ገደል ላይ ገና ፀሐይ አለ። የተሰጣ በርበሬም ሆነ የታጠበ ልብስ መነሳት ያለበት ጥላው የጎረቤታችን ኮክ ዛፍ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከቆየ እርጥበት ይዞ ያድራል።

አሁን ከፊታችን ያለው ጎረቤታችን የአባቱን የጭቃ ቤት አፍርሶ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እያሠራ ነው። ፈቃድ አለው፣ ቦታውም የራሱ ነው፤ ልጅነቱን በእኛ ግቢ ያሳለፈ ጨዋ ሰው ስለሆነም ስሞታ ለማቅረብ አልጻፍኩም። የመጀመሪያው ወለል አርማታ ሲሞላ የጦሳ ግርጌ ተሰወረ፤ ሁለተኛው ሲሞላ የባሕር ዛፉ ግማሽ ሄደ። ባለፈው ሳምንት እናቴ ልጆቹን አርፍዳ ቀሰቀሰቻቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ቤት ደርሶ አያውቅም። በቤታችን ካርታ ላይ ካሬ ሜትሩ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ከበሩ የሚታየው ግን የትም አልተጻፈም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እናንተ ከደጃችሁ ቆማችሁ ስታዩ የሚታያችሁ ምንድን ነው? ከምታዩትስ ምን ታውቁበታላችሁ? ለሽርሽር ከወጣችሁበት ቦታ የታየውን አልጠየቅሁም፤ ዕቃ እያጠባችሁ፣ ጫማ እያሰራችሁ የምታዩትን እንጂ። ፎቶግራፍም አልጠይቅም፤ የስልክ ካሜራ ጦሳን የሚያህል ተራራ ጉብታ ያደርገዋል።

ከሐረጎ ግርጌ

እኛ ኮምቦልቻዎች ደሴን የምናያት ከታች ወደ ላይ ስለሆነ የእናንተ ጉም ለእኛ ደመና ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ማለዳ ከደሴ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው መናኸሪያችን ሲደርስ ጋቢውን በክንዱ ይዞ የሚወርደውም ለዚህ ነው።

ከእኛ በረንዳ በቀን የሚታየው የሐረጎ ዳገት ነው፤ ስለ ቀኑ ግን ብዙ የምለው የለኝም። የእኔ ጉዳይ ከሌሊቱ ጋር ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆን ወደ ወልድያ ጭኖ በሄደ ቁጥር የሚመለሰው በሐረጎ ነው። መኪናው ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ እየተያዘ ስለሚወርድ መብራቱ ከጠመዝማዛው አንዱን ኩርባ ይዞ ይታያል፣ ይጠፋል፣ ዝቅ ብሎ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደገና ይወጣል። የትንንሾቹ መኪኖች መብራት ይሮጣል፤ የጫኝ መኪና ግን ይሳባል፤ ልዩነቱን ለማወቅ ሁለት ሌሊት ማየት ይበቃል። የእሱ ከሆነ፣ ለእኛ ፊት ለፊት የሆነችው ኩርባ ላይ ሲደርስ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ያበራል። ያን ጊዜ ድስቱን እጥዳለሁ፤ ወጡ ሞቆ እንጀራው ሳይቀርብ መኪናው በር ላይ ደርሶ አያውቅም። በር ሲከፍትም ከእሱ ቀድሞ የሚገባው የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው።

ክረምት ላይ ጉሙ እስከ መንገዱ አጋማሽ ሲወርድ ይህ ሁሉ ይቀራል። ስልክ አለ ትሉኝ ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይ ላለ ሾፌር ስልክ መደወል ግን ለእኔ ነውር ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ

ቤታችን ከሐይቁ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ከደፉ ላይ ቆሜ ውኃውንና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ጫካ አያለሁ። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን ውኃው ሸሽቶ ዛሬ በየብስ ተያይዟል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን መነኮሳትን ያስተማሩበት፣ መጻሕፍት ያጻፉበት ቦታ ነው። ሴት እንዳይገባበት የቆየ ሥርዓት አለ። ስለዚህ እኔ ይህን ገዳም በሕይወቴ ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ነው ያየሁት። ታናሽ ወንድሜ ይገባል፤ ሲመለስ ስለ ግቢው ይነግረኛል፤ እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ሊያየው የማይችለውን እነግረዋለሁ፦ ከበስተኋላው ደመና ሲቆም ጫካው እንዴት እንደሚጠቁር፣ ጠዋት ውኃው ላይ ተነጥፎ የሚያድረው ጉም ሲነሳ መጀመሪያ ዛፎቹ፣ ቀጥሎ ዳርቻው እንዴት እንደሚገለጥ። እሱ ከእኔ የበለጠ አያውቀውም ብዬ እከራከራለሁ። ይስቅብኛል።

የምናውቅበትን ጠይቀዋል። ውኃው ጠዋት ዝም ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከዳር እስከ ዳር ይሸበሸባል፤ ዓሣ አጥማጆችም ከዚያ በፊት ለመግባት ይጣደፋሉ። አባቴ የሚያነበው ግን ቀለሙን ነው። በልጅነቱ ዳሩ ላይ ቆሞ ከሥር ያለውን ድንጋይ ይቆጥር እንደነበር፣ አሁን ግን አረንጓዴ ሆኖ እጁን እስከ ክርኑ ቢያስገባ ጣቱ እንደማይታየው ይናገራል። የሽማግሌ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ኋላ የሐይቅ ጥናት ከሚያጠና ሰው እንደሰማሁት ግን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቀረሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ የውኃው ጥራት በእርግጥም ቀንሷል። ሐይቁ በጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል፤ ከአርዲቦ የሚመጣው የአንካርካ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም፤ የገባው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ «እኔ የነገርኳችሁን ነው የነገሯችሁ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ላስታ

በአጭሩ ልመልስ። እኔ የላሊበላ ልጅ ነኝ፤ ዓለም ለማየት የሚመጣውን እኛ ከደጃችን አናየውም። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ታች የተፈለፈሉ ስለሆኑ ከቤታችን ሲታይ ያለው በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተተከለው ሰፊ የዝናብ መከላከያ ጣሪያ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የአሸተን ተራራ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ መከላከያ ስላልተሠራለት ጭራሽ ምልክት የለውም፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በዓለቱ ላይ ሲሄዱ ቆይተው አንድ በአንድ ከመሬት ሲሰወሩ ያኔ ቦታው እዚያ መሆኑን ታውቃላችሁ። በልጅነታችን ስንት ሰው እንደሰጠመ እንቆጥር ነበር።

ከቤይሩት

የሐርቡ ልጅ ነኝ፤ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ቤይሩት ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጥያቄውን ሳነብ መጀመሪያ አልመልስም ብዬ ነበር፤ የሁላችሁም ደጅ ተራራና ውኃ ስላለው ነው።

የመጀመሪያው ቤት የተሰጠኝ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጎን የነበረ ሲሆን መስኮቱ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው፤ የሚከፈተውም በሕንፃዎቹ መካከል ወዳለው የአየር መተላለፊያ ነበር። የሚታየው የፍሳሽ ቱቦ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ፊት ለፊት ደግሞ የሌላ ቤት ወጥ ቤት መስኮት ነው። እዚያ መስኮት ላይ አንዲት ሐበሻ ልጅ ዕቃ ታጥብ ነበር። ማዳሞቻችን እንዳይሰሙ በእጅ ብቻ ሰላም እንባባል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለቱም ቤት ሰው ባልነበረበት ሰዓት ድምፅ አውጥተን ተነጋገርን፤ የወልድያ ልጅ ሆና ተገኘች። ከዚያ በኋላ የእሷ መስኮት ደጄ ሆነ። መብራቷ ሌሊት ቆይቶ ከጠፋ እንግዳ እንዳመሸ፣ ጠዋት መጋረጃው ሳይነሳ ከረፈደ እንዳመማት አውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እይታ ከተባለ የእኔ እይታ እሷ ነበረች።

አሁን ያለሁበት ቤት ስድስተኛ ፎቅ ሲሆን ልብስ የማሰጣው በረንዳ ላይ ነው። በስተምዕራብ ባሕር፣ በስተምሥራቅ በክረምታቸው በረዶ የሚለብሰው የሰኒን ተራራ ይታያል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ሲፈነዳ የዚህ በረንዳ መስታወት በሙሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ እኔ ኮሪደር ውስጥ ስለነበርኩ አላህ አተረፈኝ። ወደ ወደቡ በኩል ያለውን ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙም አላይም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። አገር ቤት ቂብላችን ሰሜን ነው፤ መካ ከኮምቦልቻ ቀጥ ብላ በሰሜን ትገኛለችና። እዚህ ስመጣ ማዳሜ ያሳየችኝ አቅጣጫ ወደ ደቡብ ነበር፤ የተሳሳተች መስሎኝ ብዙ ቀን ልቤ አልረጋም። ኋላ ካርታ ሳይ ገባኝ፤ መካ ከእኛና ከእነሱ መካከል ናት። በረንዳው ላይ ሆኜ ወደ ቂብላ ስዞር ከመካ ማዶ ያለው የእኛ አገር ነው። ፊት ለፊቴ ያለው የሰው ግድግዳ ነው፤ ቢሆንም የማየው እሱን አይደለም።

የወገል ጤና መምህር

ለጠያቂው፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ በመጀመሪያ ለእናትህ መላ ልንገርህ። በግቢያችሁ መካከል ቀጥ ያለ እንጨት ትከልና ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ በየሰዓቱ በድንጋይ ምልክት አድርግ፤ ፎቅ አይጋርደው እንጂ ከቀትር በፊትና በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ያገለግላችኋል። ድንጋዮቹን ግን በየወቅቱ ማንሳት አለብህ። በእኛ አገር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው። ተማሪዎቼ ይህን በመጽሐፍ አንብበው አያምኑኝም ነበር፤ ሰኔ ላይ ደጅ አውጥቼ ጥላቸውን ሳሳያቸው ያምናሉ፣ ደመና ካልሆነ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ በእኛ በደላንታ ደጋ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር የበሽሎን ሸለቆ፣ ከማዶ የመቅደላን አምባ ያያል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዚሁ ደጋ አልፎ፣ በሽሎን ተሻግሮ ነው አፄ ቴዎድሮስ ወደነበሩበት የወጣው። ለእንግዳ የምናወራው ይህን ነው። እኛ ለራሳችን የምናየው ግን የማዶውን ጭስ ነው። ባለቤቴ የመጣችው ከማዶ ሲሆን፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት የወንድሟ መንደር ጭስ ይታያታል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ መልሶ መውጣት ስላለ የአንድ ሙሉ ቀን እግር ይፈጃል። የወንድሟ ልጅ ተድሮ ድንኳን የተተከለ ጊዜ፣ ወንዙ ሞልቶ መሻገር ስላልተቻለ ሠርጉን ከዚህ ሆና አየችው። «በላን ጠጣን» አለች፣ ከሠርጉ ያለው ግን ጭሱ ብቻ ነው።

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የሐርቧን እህቴን። መልሶቹን ለእናቴ አነበብኩላት። የሾፌሩን ሚስት ስሰማት፣ ድስቱ ከስንተኛው ኩርባ ላይ መጣድ እንዳለበት ጠየቀችኝ።

መምህር፣ እንጨቱን ተክዬው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን የልብስ ገመድ ታስሮበት አገኘሁት። ሦስተኛው ወለል ትናንት አርማታ ተሞልቷል፤ ከጦሳ የቀረን ጫፉ ብቻ ነው። እናቴም አንድ ቃል ሳትናገር በርጩማዋን ከፊት ለፊት በር አንስታ በጓሮ በኩል፣ ወደ አዝዋ ገደል አዙራ አስቀምጣለች። ጠዋት ከዚያ በኩል ምንም አይታይም፤ ፀሐይዋ ስትወጣ ዐይን ትወጋለች። ማታውን ግን አግኝታዋለች፤ የጦሳ ጥላ ገደሉን ከታች ወደ ላይ ሲወጣ እያየች ልብሱን ታነሳለች። ልጆቹን የምቀሰቅሰው ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ፤ ለግድግዳው ሰዓትም ባትሪ ገዝቻለሁ።