የጊታር ስፒከር ሣጥን ጀርባው ቢዘጋ ድምፁ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ጀርባው ክፍት የሆነ የቲዩብ (ሲሠራ የሚግል የመስታወት ቱቦ ያለው) አምፕሊፋየር አለኝ። ወፍራሙን ክር ስመታ ድምፁ ስለሚሳሳብኝ ጀርባውን በኮምፔንሳቶ ልዘጋው አስቤያለሁ። ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፣ በዚያው ቅጽበት ከጀርባው ያለውን ያሳሳል፤ ጀርባው ክፍት ከሆነ የኋላው ሞገድ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገናኝና፣ ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ፣ በተለይ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋፋሉ። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ለሚባለው የጊታር አምፕሊፋየር ክፍሉን ሁሉ የሚሞላ አየር የሞላበት ድምፅ የሚሰጠውም ይኸው ክፍት ጀርባ ነው። ዝግ በሆነው የማርሻል ባለ አራት ስፒከር ሣጥን ውስጥ ግን የታመቀው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ወረቀቱን ስለሚመልሰው ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጠነክራል፤ ድምፁም ወደ ፊት ብቻ ያተኩራል።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቲዩቦቹ እዚያው ሣጥን ውስጥ ከሆኑ ፈጽሞ እንዳይዘጉት አደራ እላለሁ። እኔ ዘግቼው ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጫወትኩ የላይኛው እንጨት እጅ የማያስነካ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህም ሌላ ጠባብ ሣጥን ሲታሸግ የስፒከሩ የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ ወደ ላይ (ወደ ቀጭን ድምፅ) ከፍ ስለሚል፣ የሚፈልጉት ጥልቅ ቤዝ ሳይሆን የታፈነ የመካከለኛ ድምፅ ሊያገኙ ይችላሉ። የቲዩቦቹን ፊት ክፍት ትተው የታችኛውን ክፍል ብቻ በቪቴ ይሰሩት፤ ካልወደዱት ፈትተው ጣውላውን ማጥበብ ነው።

ጠያቂው፦ ስለ ሙቀቱ አላሰብኩም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የታችኛውን ሲሶ ብቻ ዘግቼ እሞክረዋለሁ።