ባለ 20 ገጽ ዳይስ ደሴ ጠፋ፤ በቆርኪ ስንጫወት ሁለት ነገር አቃተን

ጤና ይስጥልኝ። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ ዕድል የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ፤ አምስተኛ እትም፣ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ነው። ፒያሳ ሱቆች ያለው የሉዶ ዳይስ ብቻ። ሦስት የሉዶ ዳይስ መደመር አያዋጣም፦ ከ3 እስከ 18 ነው የሚሰጠው፤ 10 እና 11 እያንዳንዳቸው 12.5 በመቶ ይመጣሉ፣ በባለ 20ው ግን የሁሉም ዕድል እኩል 5 በመቶ ነው። ስለዚህ 20 የለስላሳ ቆርኪ ውስጣቸው ላይ በማርከር ቁጥር ጽፈን ከፌስታል እናወጣለን። የወጣው ወዲያው ካልተመለሰ ሒሳቡ ይበላሻል፤ የተጣመመውን ቆርኪም ጣት ይለየዋል፣ ቀይሩት።

አንደኛ፦ ሁለቴ ጥሎ የሚበልጠውን መውሰድ ሲፈቀድ ሁለት ቆርኪ በአንዴ ማውጣት ይቻላል? 20 የመምጣቱ ዕድል ከ9.75 ወደ 10 በመቶ ነው የሚያድገው፤ ለፍጥነቱ ስል እኔ እፈቅደዋለሁ።

ሁለተኛውና ያጨቃጨቀን፦ ትኩረት የሚፈልግ ድግምት (ባለቤቱ ተጎድቶ ፈተናውን ከወደቀ የሚቋረጥ) የያዘን ተጫዋች፣ ማጂክ ሚሳይል የሚባለው ፍላጻ ወርዋሪ ድግምት ሦስቱም ፍላጻ አንድ ላይ መቱት። መጽሐፉ ከየጉዳት ምንጩ ለየብቻ ይፈተን ይላል። መለኪያው 10 ወይም የጉዳቱ ግማሽ፣ የሚበልጠው ነው፤ እዚህ በየትኛውም አቆጣጠር 10 ነው። ግን ሦስቱ ፍላጻ እንደ አንድ ምንጭ ተቆጥረው አንዴ ይፈተን ወይስ ሦስቴ? በሚወጣለት ቁጥር ላይ የሚደመረው የሰውነት ጥንካሬው +2 ለሆነ፣ አንዴ ከሆነ 65 በመቶ ያልፋል፤ ሦስቴ ከሆነ 27 ገደማ። እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚፈረደው?