ነባሩ ተምች ነው ወይስ መጤው?

ሰላም ወገን፣ ከቡሬ ነኝ። ማታ በረንዳው አምፖል ላይ የሚያርፉትን የእሳት እራቶች በስልክ አነሳለሁ። አንዱ አስቸገረኝ። ግራጫ ቡናማ ነው፤ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ነባሩ ተምች ነው ወይስ በ2009 ዓ.ም. የገባብን መጤው?

የዳንግላው፦ ነጩ ምልክት ወንድ መጤ ተምች ያስጠረጥራል። ሴቷ ደብዛዛ ናት፣ በፎቶ አልፈርድም።

ባለበቆሎው፦ ወንድሜ፣ የእሳት እራቱን ተወውና ማሳ ውረድ! ገና እራት ያልሆነውን ትሉን ፈልግ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ፣ ጅራቱ አጠገብ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉት መጤው ነው።

ጠያቂው፦ ጓሮዬ በቆሎ ሞልቷል፣ ነገ አያለሁ። የአምፖሉንስ ምን ብዬ ልመዝግበው?

የዳንግላው፦ «ስፖዶፕቴራ» (የሁለቱም ተምቾች የወል ሳይንሳዊ ስም) በለውና ዝርያውን ክፍት ተው። ቁርጡን የሚናገረው በማይክሮስኮፕ የሚታየው የመራቢያ ብልቱ ነው።